ቆጡን የሠራው ማን ነበር? የአትክልት መደርደሪያን በገዛ እጅ ስለ መሥራት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል፤ ከአራቱ ሁለቱ በረንዳዬን የሚያውቁ ናቸውና «እስቲ ለዚህ መልስ ስጪ» የሚል ቃል አክለውበታል። ጽሑፉ የሚከፈተው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» በሚለው ተረት ነው። መልእክቱም ግልጽ ነው፤ ለአበባና ለቅመማ ቅመም ቅጠል መደርደሪያ የሚያስፈልገው ሰው ከዕቃ መሸጫ ይግዛ፤ መጋዝና ጣውላ ይዞ የሚንገላታ ሰው ያለውንም ያጣል ይላል።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ሞክረው የከሸፈባቸውን ነው የሚናገሩት። እንጨቱ ተጣመመባቸው፤ መደርደሪያው ተወዛወዘባቸው፤ በመጨረሻም ለማገዶ ሰጡት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው «አትሞክሩ» ቢል አልፈርድበትም። የምከራከረው ከአንድ የተጣመመ መደርደሪያ ተነሥተው ለሁላችንም ስላወጡት ሕግ ነው።

ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጣውላው፣ ብሎኑ፣ ጭነቱና መሣሪያው ሲደመር ወጪው ከተገዛው መደርደሪያ ይበልጣል። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ይበላል። ሁሉም ለየራሱ እንጨት ከፈለገ ደን ያልቃል። ሙያው የአናጢ ስለሆነ በሰው እንጀራ መግባት ነው፤ «ራስህ ሥራው» የሚባለውም ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው። ያልሠለጠነ እጅ የሠራው መደርደሪያ ይወድቃል፤ ልጅ ላይ ሊወድቅም ይችላል። በመጨረሻም እንጨትና ውኃ ስለማይስማሙ ቢበዛ ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው።

ከዋጋው ልጀምር። ጸሐፊው ድሪል፣ መጋዝ፣ መላጊያና ካቻቢቴ ሁሉንም አዲስ ገዝተው ነው የደመሩት። እንዲህ ከተደመረ ልክ ናቸው፤ ለአንድ መደርደሪያ ብሎ ድሪል የሚገዛ ሰው ይከስራል። ድሪል ግን በየቤቱ መኖር ያለበት ዕቃ አይደለም። እኔ የሠራሁበት የታናሽ ወንድሜ ነው፤ እርሱም የመጋረጃ ብረት ከሰቀለበት ቀን ወዲህ አልነካውም ነበር። ዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው። አንድ ድሪልና አንድ ደህና መጋዝ ቢጨመርበት የግቢው ሰው ሁሉ በተራ ይገለገልበት ነበር። ይህን በስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ አንሥቼዋለሁ፤ ደግሜም አነሣዋለሁ።

መጋዙና መላጊያው ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጉም። ጣውላ የሚሸጡ የእንጨት ሥራ ቤቶች በሰጣችኋቸው ልክ ቆርጠው፣ በማሽን ልገው ያስረክባሉ። ልኩን በወረቀት ጽፎ መሄድ ነው። የጣውላው፣ የማስላጊያው፣ የብሎኑ፣ የብርጭቆ ወረቀቱና የጭነቱ ክፍያ ተደምሮ፣ ቀድሞ የገዛሁት መደርደሪያ ካስወጣኝ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሆነ። ያ የተገዛው ደግሞ ቺፑድ (ፓርቲክል ቦርድ)፣ ማለትም የእንጨት ፍቅፋቂ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነበር። ጸሐፊውም ያነጻጸሩት የቺፑድ መደርደሪያን ዋጋ ከጣውላ መደርደሪያ ወጪ ጋር ነው። ከደረቅ ጣውላ የተሠራ ባለ ሦስት መደብ መደርደሪያ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቀው ቢያነጻጽሩ ኖሮ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ስለ ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተጭኖበት ስለሚጓዘው የእንጨት ርብራብ፣ ያነሡትን ሥጋት ግን እቀበላለሁ። ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ የሚገኝ አሮጌ የጭነት ፓሌት ርካሽ ነው፤ ሁሉም ግን ለቤት አይሆንም። ከአገር አገር የሚጓዝ ፓሌት ላይ ማኅተም አለ። «ኤችቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት ተባዩ የተገደለው በሙቀት ነው። «ኤምቢ» ካለበት በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗልና ይቅርባችሁ። ማኅተም የሌለው፣ ዘይት ወይም ያልታወቀ ነገር የፈሰሰበትም እንዲሁ፤ በተለይ የሚበላ ቅጠል ለምትተክሉ።

ጊዜን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም። እኔን ሁለት ቅዳሜና የአንድ እሑድ ከሰዓት ወስዶብኛል። «ጊዜ ገንዘብ ነው» የሚለው ግን ቅዳሜውን መሸጥ ለሚችል ሰው የሚሠራ ክርክር ነው። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ለቅዳሜ ከሰዓቴ የሚከፍለኝ የለም። ቅዳሜዋን ለልጆቿ ወይም ለዕረፍቷ የምትፈልግ ሴት ትግዛ፤ ይህ በራሱ በቂ ምክንያት ስለሆነ በሒሳብ መደገፍ አያስፈልገውም።

የደኑ ነገር ከባድ ጉዳይ ነውና ጸሐፊው በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአበባ ማስቀመጫ ብሎ ዋንዛ የሚያስቆርጥ ሰው ካለ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን የበረንዳ መደርደሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከባሕር ዛፍ ወይም ከፈረንጅ ጽድ ሲሆን እነዚህ ደግሞ ለሽያጭ ተብለው የሚተከሉ ዛፎች ናቸው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጣውም የአዲስ አበባ ዙሪያ ተራቁቶ፣ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጥረት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ በነበረበት ወቅት ነው። ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደክማል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ የተፈጥሮ ደንን የሚተካ እንጨት መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። ደግሞስ ቺፑድ ከምን ይሠራል? እርሱም ከእንጨት ነው። የማይጨው ፋብሪካ ፓርቲክል ቦርድ ሲያመርት የነበረው ከዚሁ ከባሕር ዛፍ ነው። ታዲያ ሲገዛ ደን የማይነካ፣ ሲሠራ ግን ደን የሚጨርስ በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ወደ አናጢው እንጀራና ወደ «የውጭ ፋሽን» ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቅር ተሰኝቻለሁና ጠንከር ብዬ እናገራለሁ።

ጸሐፊው መነሻ ባደረጉት ተረት ውስጥ ያለው ቆጥ ከየት መጣ? ከዕቃ መሸጫ አልመጣም፤ የሠራው ባለቤቱ ነው። ገበሬው ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩንና እርፉን ራሱ ጠርቦ ያዘጋጃል፤ ወደ ቀጥቃጭ የሚሄደው ለማረሻው ብረት ነው። አያቴ ቤት የነበረው የዕቃ መደርደሪያ ከአጣና ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረ ነበር፤ ያሰረውም አያቴ ነው፤ አንድ እግሩ አጠር ያለ ስለነበረ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረው። ይህ ሁሉ ከየትኛው የውጭ አገር የመጣ ፋሽን ነው? የተረሳው በእኛ ዕድሜ ነው፤ ከተማ ገብተን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆነን።

«ሥራን ለሠሪው ተዉ» የሚለው ምክር አክብሮት ይመስላል። በታሪካችን ግን ብዙ ጊዜ አክብሮት አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋንም፣ ቀጥቃጩንም፣ ፋቂውንም በሥራቸው እየሰደብን ነው ሥራውን የተውንላቸው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እጁን እንጨት ላይ ያላሳረፈ ሰው የአናጢን ዋጋ ያውቃል ብዬ አላምንም። እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

የእኔን ጣውላ ያዘጋጁልኝ አዛውንት አናጢ ዝርዝሬን በእጃቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ለምን ነው የምትፈልጊው ልጄ?» አሉኝ። ለአበባ መደርደሪያ ነው አልኳቸው። ወደ ውስጥ ገቡና ያወጡትን ክምር ትተው ከግድግዳ ሥር የነበረ ሌላ ጣውላ አመጡ። «ያኛው ገና እርጥብ ነው፤ ለበር ይሆናል ብዬ ነው ያቆየሁት፤ ለአንቺ ሥራ ይጣመማል። ይኼ ዓመት አልፎታል» አሉና ጫፉን በጣታቸው መቱት፤ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ። ለጣውላውም፣ ለማስላጊያውም፣ ለቆረጡበትም ከፈልኳቸው። ከእንጀራቸው ላይ ምን ወሰድኩ? ቀድሞ ከውጭ ተገጣጥሞ የመጣ መደርደሪያ ስገዛ ነበር ለእርሳቸው አንዲት ሳንቲም ያልደረሳቸው።

የጸሐፊው መደርደሪያ ለምን እንደተጣመመም ያኔ ገባኝ። ራሳቸው እንደጻፉት ጣውላውን በገዙበት ዕለት ነው የገጠሙት። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ብዙም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ከተገጠመ በኋላ ከተኮማተረ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ እንዲገባው በመሐሉ ስስ እንጨት እየተደረገ ቢደረደር ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ከትርፍራፊው ቁራጭ ወስዶ በኩሽና ሚዛን መመዘን፣ ቤት ውስጥ አስቀምጦ በየሳምንቱ እንደገና መመዘን። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከቤቱ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ስለዚህ ለዚያ መደርደሪያ መጣመም ተጠያቂው እጃቸው አይደለም፤ የአንድ ሰው ምክር ጎድሎባቸው ነው።

ስለ ጥንካሬው ያሉት ከሁሉም በላይ ሊመለስለት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ገበያው ራሱ ተሳስቷል። የሚሸጡት መደርደሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለመጽሐፍ፣ ለፎቶግራፍና ለጌጥ ነው። አትክልት ግን ሌላ ሸክም ነው። እንደ ብዙ ሰው እኔም የምተክለው በ10 ሊትር የቀለም ባልዲ ነው። ባልዲው አፈር ተሞልቶ ውኃ ሲጠጣ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ መደብ ላይ አራት ቢደረደሩ 60 ኪሎ ነው፤ ከግማሽ ኩንታል ይበልጣል። ሦስቱም መደብ ቢሞላ ሁለት ኩንታል ሊሞላ 20 ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። የጤፍ ነጋዴ ሁለት ኩንታል በአንድ ሜትር የቺፑድ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል?

ቺፑድ በተመሳሳይ ውፍረት ከደረቅ ጣውላ ጋር ሲተያይ ሦስትና አራት እጥፍ ቀሎ ይጎብጣል። በዚያ ላይ ሸክሙ ባይጨምርም ከወር ወር እየጎበጠ ይሄዳል። እኔ ሳልገዛ በፊት ይህን ብጠይቅ የሚነግረኝ አልነበረም። ስሠራ ግን መጠየቅ ግዴታዬ ሆነ፤ መልሱም ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በሁለት እግሮች መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ቢያድግ፣ ያንኑ ሸክም የተሸከመ ጣውላ ስምንት እጥፍ ይጎብጣል። መሐል ላይ አንድ እግር ቢጨመር ደግሞ ርቀቱም ሸክሙም ለሁለት ስለሚከፈል ጉብጠቱ ቢያንስ ወደ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የእኔ መደርደሪያ አንድ ሜትር ከአሥር ነው፤ መሐሉ ላይ እግር አለው። የዚያ እግር ዋጋ አንድ ቁራጭ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) ነበር።

መወዛወዙንም እንዲሁ። ጸሐፊው ብሎን ጨምረው አልቆመላቸውም። አይቆምም፤ አራት ማዕዘን ቅርጽ በየማዕዘኑ ስንት ብሎን ቢገባበት ወደ ጎን መገፋቱ አይቀርም፤ ሦስት ማዕዘን ግን አይገፋም። ከጀርባ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አንድ ስስ ጣውላ በሰያፍ ቢመቱበት ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይቆም ነበር። የሣር ቤት ጣሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል ስላሉት ግን ያለ አንዳች ማንገራገር እስማማለሁ። ከግድግዳ ጋር ያልታሰረ ረጅም መደርደሪያ፣ ተሠራም ተገዛም፣ አደጋ ነው። ልጅ እንደ መሰላል ይወጣበታል። ከባዱ ባልዲ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በብዛት ባዶ ብሎኬት ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎኑ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ፕላስቲክ) ውስጡ ያለውን ባዶ ቦታ አግኝቶ አይይዝም፤ ኮንክሪቱን ምሰሶ ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ወይም ለባዶ ብሎኬት የተሠራውን ፊሸር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከበረንዳው ብረት ወደ ውጭ ደግሞ ምንም ነገር አይንጠልጠል፤ ከታች ሰው ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚገዛውም ሰው ማወቅ አለበት፤ ማሰሪያው ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ የቀረባቸውን ስንት ቤቶች አይቻለሁ።

የቀረው የውኃው ነገር ነው። ጸሐፊው እንጨት በውኃ ይበሰብሳል አሉ፤ መፍትሔ ብለው ያነሡት ደግሞ ቺፑድ ነው። ቺፑድ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ። የገዛሁት መደርደሪያ በመጀመሪያው ክረምት ደህና ነበር። በሁለተኛው፣ ሐምሌ ላይ፣ ከበሶብላው ባልዲ ሥር ጠርዙን የሸፈነው ስስ ልባስ ተነሣ። ጣቴን ከሥሩ ሳስገባ ውስጡ እንደ ራሰ ዳቦ ነበር፤ ቆንጥሬ ሳወጣው በእጄ ተፈረፈረ። ሳምንት ሳይቆይ ብሎኑ ከነያዘው ዱቄት ተነቅሎ ወጣና መካከለኛው መደብ ወረደ። እናቴ ከገጠር ያመጣችልኝ ጤና አዳም ከሥሩ ተሰበረ። ሻጩ «ለቤት ውስጥ ነው እንጂ ውኃ ለሚነካው አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ስገዛ ግን ለአትክልት ነው ብዬው ነበር።

ጣውላ እንዲህ አይሆንም። እንጨትን የሚያበሰብሰው መርጠቡ ሳይሆን እርጥብ ሆኖ መክረሙ ነው። ከላሊበላ ብዙም የማይርቀው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ነው፤ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ቆሟል። «እርሱማ ዋሻ ውስጥ ነው» ይባል ይሆናል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ እንጨቱ የቆየው ውኃ ስላልከረመበት ነው። የበረንዳ መደርደሪያ ዋሻ አያገኝም፤ የሚያደርቀው ነፋስ ግን ልንሰጠው እንችላለን። መደቡን በአንድ ወጥ ሰሌዳ ፈንታ ከሦስት ጣውላ፣ በመካከላቸው የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ትቶ መሥራት ነው፤ ውኃው ይወርዳል፣ አየሩ ይገባል። ከባልዲው ሥር ሦስት የጠርሙስ ክዳን ማስቀመጥ፣ እግሮቹን ከወለሉ በሸክላ ቁራጭ ከፍ ማድረግ ነው። ምስጥ የሚያሰጋቸው ምድር ቤት ያሉም ከዚሁ ይጀምሩ፤ ምስጥ ከአፈር ነው የሚመጣውና እግሩ አፈር አይንካ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ስለ መቀባት ጸሐፊው ያሰሙት ቅሬታ ተገቢ ነው። ይሸታል፤ ለሚበላ ቅጠልም ጎረቤት መሆን የለበትም። የተልባ ዘይት ግን አለ። አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚጠጥር ዘይት ነው፤ ሞቅ ባለ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ትንሽ የንብ ሰም አቅልጬበት ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ በመካከሉ አራት ቀን አደረቅሁት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በፊት ግንቦት ላይ እደግመዋለሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጦ መጣል አይገባም፤ ራሱን አሙቆ ሊቃጠል ይችላልና ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ቢበዛ ሁለት ክረምት ላሉት፣ የእኔ ሦስቱን አልፏል። እንከን አላጣውም። ባለፈው ጥር፣ አየሩ በደረቀበት ወቅት፣ ከላይኛው መደብ አንዱ ጣውላ ከጫፉ ተሰነጠቀ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ያችን አንዲት ጫፍ አስቀድሜ በድሪል ሳልሰረስር ነው ብሎን ያጠበቅሁባት። አራት ብሎን ፈታሁ፤ ከአልጋ ሥር ካስቀመጥኩት ትርፍ ጣውላ በልኩ አስቆርጬ፣ አሁን ሰርስሬ፣ መልሼ ገጠምኩ። ባልዲዎቹ ቡና ሳይፈላ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ የጥብስ ቅጠሉና ሬቱ ከታች፣ ከእናቴ ደግሜ ያስመጣሁት ጤና አዳም ከላይ።